ያልተጠረገ ግቢ

እኛ ሰፈር፣ ካብዌ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ፣
ሴት በግቢዋ ነው የምትመዘነው፤ እንዲህ፦
ዶሮ ሳይጮኽ ወጥታ፣ የቺቴንጌ ሽርጧን አጥብቃ፣
ከማንጎው ሥር እስከ በር መሬቱን ፍቃ ፍቃ፣
አንዲት ሣር ሳታስቀር፣ እንደ ሳህን ወልውላ፣
የመጥረጊያዋን ፈለግ እንደ ጥለት ስላ፣
ያኔ ነው ሴት የምትባል። ሣር የበቀለበት ደጅ
የእባብ ነው ወይ የሰነፍ፤ ኧረ ምን ይላል ወዳጅ!

ስለዚህ ባና ማይንዛ መጥረጊያዋን ስትሰቅል
ወሬውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ምን ልበል?
በቧንቧው ሰልፍ ላይ፣ ባልዲዬን አስቀምጬ፣
«ሰነፈች» አልኩ፤ «ይሄ የጤና ነው?» አልኩ አሽሟጥጬ።

ጥቅምት ነበር፤ ሙቀቱ ቆርቆሮ የሚያስጮኽበት፣
ከማዶ፣ ከጥቁሩ ክምር፣ ነፋስ አቧራ የሚያመጣበት።
እሷ ቁጢጥ ብላ፣ ከወንዝ ዳር የነቀለችውን
ካፒንጋ ሣር ትተክላለች፣ እየከፈለች ሥሩን።
ዕቃ ያጠበችበትን ውሃ ሳትደፋ ታጠጣዋለች፤
እኛ እርም ብለን የምንነቅለውን እሷ ትለምነዋለች።

ነገሩን የሰማሁት ቆይቶ ነው፣ ከራሷ።
ማይንዛ፣ ስሙ «ክረምት» ማለት ነው፣ የመጨረሻ ልጇ፣
ትናንት የጻፈው ፊደል ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል፤
ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ያለ ነገር ይቆጣል።
ክሊኒክ ወሰደችው። ሲስተር ቺዌሌ ጣቱን ወጋች፤
ማሽኑ ቁጥር አወጣ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።
«እርሳስ ነው» አለች።
እናትየው ወደ ልጁ ቦርሳ ዞረች፣
ጫፉ የታኘከውን፣ ቢጫውን እርሳስ አወጣች።
«የእጁን አይደለም» አለች ሲስተር።
«የደሙን።»

አንዱን እርሳስ ጨብጦ ፊደል ሲለቅም ውሎ፣
ሌላው እርሳስ ከውስጥ «እርሳ፣ እርሳ» ብሎ
የለቀመውን ያስደፋዋል።

ከየት ገባ? ከደጅ። ከዚያው ከምንኮራበት።
ምድጃው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ጭሱ ግን የትም አልሄደ፤
በየጣሪያው፣ በየጓሮው እያረፈ ወረደ፤
ተኝቶ ነበር። በየጠዋቱ በመጥረጊያሽ የምትቀሰቅሺው
አንቺ ነሽ።
እንዲህ አላለችም ሲስተር፤ ሲስተር ደግ ናት።
«አቧራ አታስነሺ» ነው ያለችው። ሌላውን የሰማችው እናት ናት።

አማቷ ሙኩካ ማዕድን ሲያቀልጥ ነው ያረጀው፤
ቤቱን የሠራው፣ ማንጎውን የተከለው በዚያው ደመወዝ ነው።
የተቀበረ ዕለት «አፈሩ ይቅለለው» ብለን ነበር።
የእኛ አፈር አይቀልም። ማን ይንገረው?
ለጥል ጊዜም «አፈር ብላ!» የምትባል ስድብ ነበረችን፤
አሁን ትተናታል።
ልጆቹ ሰምተውናል።

እኔም ሦስት ቀን ታገሥኩ። በአራተኛው ጠረግኩ።
እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፤ አፍሬ ነው፤ ግን ጠረግኩ።
ከኋላዬ ካሶንዴ፣ ልጄ፣ ከፈለጉ ላይ ቁጭ ብላ፣
በጣቷ ወፍ ትስላለች፤ ወፏን ስትጨርስ
ጣቷን ወደ አፏ ላከች።

መጥረጊያውን የት እንደጣልኩት አላውቅም።
ሄድኩ፣ ባና ማይንዛ በር ላይ ቆምኩ፤ ቃል አልወጣኝም።
ወሬዬን ሰምታዋለች። ቢላዋ አመጣች፤
ካረንጓዴው ቆርጣ፣ ከነሥሩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠች።
«ዝናብ እስኪጥል ማታ ማታ አጠጪው» ብቻ አለች።

የእኔ ሣር ገና መዳፍ አይሞላም። ሰማዩ ነጭ ነው።
የካሶንዴን ጣት የሚወጓት ማክሰኞ ነው።
ዛሬ በቧንቧው ሰልፍ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤
«ያቺም ሰነፈች» ሲሉ። መልስ አልሰጠሁም።
ባልዲዬን ሞላሁ።
ግማሹ የሣሩ ነው።